ነጯ ዳፍኒያ ስትቀላ፦ የሰባት ሳምንት የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት 6፣ ቅዳሜ

ዛሬ ጀመርኩ። ደብረ ብርሃን ሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። በየዓመቱ ስለ ሴል ስናወራ ክፍሉ ቀዝቀዝ ይላል፣ ምክንያቱም ተማሪዎቹ ሴል ሲሠራ የሚያዩት በመጽሐፍ ሥዕል ብቻ ነው። ዘንድሮ አንድ ነገር በዓይናቸው እንዲያዩ ቆርጫለሁ። ኦክስጅን ሲያንስ ሴል ያንን አውቆ ሥራውን ሲቀይር።

ይህን ያለ ውድ መሣሪያ የምታሳይ እንስሳ አለች፣ ዳፍኒያ ትባላለች። ኩሬ ውስጥ እንደ ቁንጫ እየዘለለች የምትዋኝ፣ ትልቋ እንኳ ምስር የማታክል ፍጥረት ናት። ሰውነቷ እንደ መስታወት ያሳያል። ደሟ ውስጥ ሂሞግሎቢን፣ ማለትም ኦክስጅን የሚሸከመው ቀይ ፕሮቲን አለ፣ እንደኛ በቀይ የደም ሴል ውስጥ ታሽጎ ሳይሆን ፈሳሹ ውስጥ ሟሙቶ። ስለዚህ ሂሞግሎቢኗ ሲጨምር መላ ሰውነቷ ይቀላል። ለማየት ዓይን ብቻ በቂ ነው።

ጠዋት ከሁለት ተማሪዎቼ ጋር ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ የዝናብ ውሃ ኩሬ ሄድን። ያረጀ ነጠላ ቁራጭ በሽቦ ቀለበት ላይ ሰፍቼ መረብ አድርጌዋለሁ። ሦስት አራት ጊዜ ውሃው ውስጥ ጎትተን ነጠላውን ባልዲ ውስጥ ስንገለብጠው ባልዲው በነጫጭ ነጥብ ተሞላ። ከመቶ በላይ ይሆናሉ። ልጆቹ እንደዛ ሲጮሁ ሰምቼ አላውቅም።

ጥቅምት 8

ዕቃው ይኸው፦ ሁለት ባለ አምስት ሊትር ማሰሮ፣ የዓሣ ገንዳ የአየር ፓምፕ፣ ቴርሞሜትር፣ የዳቦ እርሾ። ትልቁ ነገር በውሃ ውስጥ የሟሟ ኦክስጅን የሚለካው መሣሪያ ነው። እሱን የውሃ ጥራት ሥራ ላይ ያለ ጓደኛዬ አውሶኛል። እሱ ባይኖር ይህ ሁሉ ግምት ይሆን ነበር።

የቧንቧ ውሃ በቀጥታ አይሆንም፣ ክሎሪኑ ይገድላቸዋል። አንድ ቀን ከግማሽ ክፍት ሳፋ ላይ አሳደርኩት።

የመጀመሪያው ልኬት ራሱ ትምህርት ነበር። 15 ዲግሪ ላይ ያለ፣ አየር በደንብ የጠገበ ውሃ፣ ባሕር ጠለል ላይ በሊትር 10 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል። እኛ 2,840 ሜትር ላይ ነን፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ 70 በመቶ ገደማ ነው፣ ስለዚህ ውሃችን የቱንም ያህል አየር ብነፋበት ከ7 አያልፍም። መሣሪያው 6.9 አለ። ልጆቹ ተበላሽቷል ብለው ነበር፣ መጽሐፋቸው ላይ ያለው የባሕር ጠለል ቁጥር ስለሆነ።

ሀ ማሰሮ በፓምፕ ይነፋበታል። ለ ማሰሮ አፉ በላስቲክ ታሽጎ ላስቲኩ በመርፌ ጥቂት ቦታ ተበስቷል። ለ ውስጥ እንስሳቱና እርሾው ኦክስጅኑን ቀስ እያሉ ይጨርሱታል፣ በቀዳዳው የሚገባው ደግሞ ጥቂት ነው።

ጥቅምት 10

ለ ማሰሮ ውስጥ ያሉት በሙሉ ሞቱ። በሙሉ። 40 ነበሩ።

ጥፋቱ የኔ ነው። እርሾውን በሻይ ማንኪያ ሰጠኋቸው። በማግሥቱ ውሃው እንደ አጓት ደፍርሶ ነበር፣ መሣሪያው 0.2 አለ። እርሾ ሕያው ነገር ነው፣ ኦክስጅን ይጨርሳል፣ ይህን አውቃለሁ ግን አልመዘንኩትም። ኦክስጅን ማነስና ኦክስጅን መጥፋት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሲያንስ እንስሳዋ ራሷን ለማስተካከል ጊዜ ታገኛለች፣ ሲጠፋ ግን ጊዜ የለም። ለማስተካከል ራሱ ጉልበት ያስፈልጋል፣ ፕሮቲን መሥራት በነፃ አይደለም።

ለተማሪዎቹ እንዳለ ነገርኳቸው። አንዱ ልጅ አዝኖ ቀኑን ሙሉ አላናገረኝም።

ጥቅምት 13፣ ቅዳሜ

እንደገና ኩሬው ዘንድ ሄድን። አሁን የምመግባቸው የእርሾ ውሃ በጠብታ ነው፣ አንድ ቁንጥጫ እርሾ በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ፣ ከዚያ ለሁለቱም ማሰሮ እኩል 10 ጠብታ በቀን አንዴ። በጠብታ መቁጠር አሰልቺ ነው ግን ቁጥሩ እኩል መሆኑ ወሳኝ ነው። ዳፍኒያ ከምግቧ በምታገኘው ቀለምም ልትቀላ ትችላለች፣ ካሮት ውስጥ ካለው ጋር የሚዛመድ ቀለም ነው። ምግቡ ከተለያየ በኋላ የሚመጣውን ቅላት ማንም ቢጠራጠረው ልክ ነው።

ጥቅምት 16

ትናንት ማታ መብራት ሄዶ እስከ ዛሬ ረፋድ አልመጣም። ፓምፑ ቆመ። ሀ ማሰሮ ወደ 4.1 ወርዷል። አልሞቱም፣ ግን ማነጻጸሪያዬ እንዲህ የሚዋዥቅ ከሆነ ሥራው ዋጋ የለውም።

መላው ከቤት መጣ። ባለቤቴ "ለምን ሳፋ ላይ አትዘረጋቸውም?" አለችኝ። ልክ ናት። ሰፊ ሳፋ ላይ ውሃው ጥልቀቱ አንድ ስንዝር ብቻ ከሆነ፣ አየር ከላይ ራሱ ይገባል፣ ፓምፕ አያስፈልግም። በተቃራኒው ለ ደግሞ ጠባብና ረጅም ዕቃ ይፈልጋል። ማሰሮውን ትቼ አፈ ጠባብ ባለ ሁለት ሊትር የውሃ ጠርሙሶች ወሰድኩ፣ ሦስት ጠርሙስ፣ በየአንዳንዳቸው 12 እንስሳ። ከአሁን በኋላ ሳፋና ጠርሙስ እላቸዋለሁ።

ጥቅምት 18

ሌላ ወጥመድ። ከሰዓት ስለካ ከሦስቱ ጠርሙሶች አንዱ 5.3 አለ። ሌሎቹ 1.8 እና 2.1 ናቸው። ግራ ገብቶኝ ቆየሁና ጠርሙሱ መስኮት ሥር መሆኑን አየሁ። ከኩሬው አብሮ የመጣ አልጌ አለ፣ ፀሐይ ሲያገኝ ኦክስጅን ይሠራል። ሦስቱንም በጋዜጣ ጠቀለልኳቸው። ሳፋውንም በጨርቅ ሸፈንኩት፣ ብርሃኑም እኩል እንዲሆን።

ጥቅምት 20፣ ቅዳሜ

ቀለም ገና የለም። ዛሬ ግን ከሁሉም የበለጠ የወደድኩት ቀን ነው፣ ምክንያቱም ዘንድሮ ከሰማኋቸው ጥያቄዎች ሁሉ ምርጡን ሰማሁ። ጠርሙሶቹን ስንለካ አንዷ ተማሪ "ቲቸር፣ ሴሉ አፍንጫ የለው፣ ሳንባ የለው፣ ኦክስጅን ማነሱን በምን ያውቃል?" አለች።

ሂፍ የሚባል ፕሮቲን አለ። ሥራው ኒውክሊየስ ውስጥ ገብቶ ጂኖችን ማስነሳት ነው። ሂሞግሎቢን ይሠራ፣ አዲስ የደም ሥር ይብቀል፣ ስኳር ያለ ኦክስጅን ይሰባበር፣ እነዚህን ትእዛዞች የሚሰጠው እሱ ነው። ሰው ሲገምት፣ ኦክስጅን ሲያንስ ሴሉ ሂፍን መሥራት ይጀምራል ይላል። እኔም እስክማረው ድረስ እንደዛ ይመስለኝ ነበር። ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ሴሉ ሂፍን ሁልጊዜ ይሠራዋል፣ ኦክስጅን ሞልቶ ተርፎም ይሠራዋል። ሠርቶም ወዲያው ያፈርሰዋል።

የማፍረሱ ሥራ ላይ ነው ኦክስጅን የሚገባው። አንድ ኢንዛይም አለ፣ ፕሮሊል ሃይድሮክሲሌዝ ይባላል፣ ኦክስጅን ወስዶ ሂፍ ላይ ፕሮሊን በተባለው አሚኖ አሲድ ላይ ምልክት ያደርጋል። ምልክቱን ቪኤችኤል የሚባል ሌላ ፕሮቲን ያውቀውና ይይዘዋል። ከዚያ "ይፈርስ" የሚል መለያ ይለጠፍበትና ፕሮቲአሶም ውስጥ ይገባል፣ የሴሉ ወፍጮ ልንለው እንችላለን። በኛ ሴሎች ውስጥ ኦክስጅን ካለ ከተሠራው ሂፍ ግማሹ 5 ደቂቃ አይቆይም። ኦክስጅን ሲያንስ ግን ምልክቱ አይደረግም፣ ጥሬ ዕቃው ኦክስጅን ራሱ ነውና። ምልክት የሌለው ሂፍ አይያዝም፣ አይፈጭም፣ ይጠራቀማል፣ ኒውክሊየስ ይገባል።

በቃል ብቻ አልገባቸውም። ታቹ የተሸነቆረ ባልዲ ቧንቧ ሥር አስቀመጥኩ። ውሃው ከላይ ይወርዳል፣ ከታች ይፈሳል፣ ባልዲው ባዶ ነው። ቧንቧውን ሳልነካ ሽንቁሩን በጣቴ ደፈንኩት። ባልዲው ሞላ። "ሂፍ ውሃው ነው፣ ሽንቁሩ ኢንዛይሙ ነው፣ ሽንቁሩን ክፍት የሚያደርገው ኦክስጅን ነው" አልኩ። ክፍሉ ጸጥ አለ፣ ከዚያ አንዱ "ብክነት አይደለም እንዴ?" አለ። ነው። ሴሉ ቀኑን ሙሉ ለማፍረስ ይሠራል። ግን ኦክስጅን ሲያንስ ከጂን ተነስቶ ፕሮቲን እስኪሠራ አይጠብቅም። ማፍረሱን ማቆም ብቻ ነው። በደቂቃዎች ውስጥ ማንቂያው ይደርሳል። ያ ፍጥነት የብክነቱ ዋጋ ነው።

ጥቅምት 25

1.7፣ 1.9፣ 2.0። ሳፋው 6.8። ነጭ ሰሃን ላይ ከሁለቱም አምስት አምስት አስቀምጬ አየሁ። የጠርሙሶቹ ትንሽ ሮዝ ይመስላሉ። "ይመስላሉ" ነው ያልኩት። ፈልጌ ስለጠበቅሁት ዓይኔ ሊያታልለኝ ይችላል። ነገ የትኛው ከየት እንደመጣ ለማያውቅ ሰው አሳያለሁ።

ጥቅምት 26

የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊያችንን ጠራኋቸው። ሁለት ሰሃን፣ ስም የለም። "ይቺኛዋ ደም አላት" አሉ፣ የጠርሙሱን እያሳዩ። ሦስት ጊዜ ቦታ ቀይሬ ጠየቅኳቸው፣ ሦስቱንም ጊዜ ልክ ናቸው።

ኅዳር 2

አሁን ጥርጥር የለም። የሳፋዎቹ እንደ ሩዝ ውሃ ነጭ ናቸው፣ የጠርሙሶቹ እንደ ተበረዘ ወይን ጠጅ ቀልተዋል። በማይክሮስኮፕ ልቧ ዙሪያ ቀዩ ይደምቃል። ልጆቹ ተሰልፈው አዩ፣ ሁለት ሦስቴ ተመልሰው የተሰለፉም ነበሩ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ሂፍ የሚጠራቀመው በደቂቃዎች ነው፣ ቀለሙን ለማየት ግን ሁለት ሳምንት ፈጀብን። ትእዛዙ ፈጣን ነው፣ ሂሞግሎቢኑን ሠርቶ ደም ውስጥ ማብዛት ግን ጊዜ ይወስዳል። የኛ ክፍል ደግሞ ቀዝቃዛ ነው፣ ጠዋት ውሃው 13 ዲግሪ ይሆናል፣ በቅዝቃዜ ሁሉም ነገር ይዘገያል።

ዳፍኒያ እንዲህ እንደምትቀላ ከታወቀ ቆይቷል። ሙንሮ ፎክስ የተባለው እንግሊዛዊ የእንስሳት ተመራማሪ በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ሰፊ ሥራ ሠርቶበታል። እሱ ቅላቱን ያውቃል፣ ሴሉ በምን እንደሚያውቅ ግን በዚያን ጊዜ የሚያውቅ አልነበረም። ያ የተገኘው በሌላ በኩል ነው። ግሬግ ሴሜንዛ አሜሪካ ውስጥ የኢፖን ጂን እያጠና ሂፍን አገኘ፣ ኢፖ ኩላሊት የሚያመነጨው፣ ቀይ የደም ሴል እንዲበዛ የሚያደርገው ሆርሞን ነው። ፒተር ራትክሊፍ እንግሊዝ ውስጥ የኩላሊት ሐኪም ነበር፣ እሱም ከኢፖ ተነሳ። ዊሊያም ኬሊን ግን ስለ ኦክስጅን አልነበረም ሥራው። ቪኤችኤል የተበላሸባቸውን፣ ዕጢ በዘር የሚወርድባቸውን ቤተሰቦች ነበር የሚያጠናው። ዕጢዎቹ በደም ሥር የተሞሉ ናቸው፣ ለምን? ሽንቁሩ ስለተደፈነ! ቪኤችኤል ከሌለ ሂፍን የሚይዘው የለም፣ ኦክስጅን ሞልቶ ሳለ ሴሉ ኦክስጅን እንዳጣ ያህል የደም ሥር ያበቅላል። ምልክቱ ፕሮሊን ላይ መሆኑን የኬሊንና የራትክሊፍ ቡድኖች በ2001 እ.ኤ.አ. አወጡት። በ2019 ሦስቱም የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። ይህን ታሪክ ስናገር ድምፄ ይለወጣል ይሉኛል ልጆቹ። ይለወጥ።

ኅዳር 5

ቁም ሳጥናችን ውስጥ ኮባልት ክሎራይድ ያለበት ወረቀት አለ፣ ሰማያዊ ሆኖ ውሃ ሲነካው ሮዝ የሚሆነው። አየሁትና ተፈተንኩ። ኢንዛይሙ መሃሉ ላይ ብረት ይዟል፣ ያለ ብረት አይሠራም። ኮባልት የብረቱን ቦታ ሲይዝ ኢንዛይሙ ይቆማል፣ ሴሉ ኦክስጅን እያለው የለኝም ይላል። በ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ኮባልት ለደም ማነስ ይሰጥ ነበር፣ ደሙንም ይጨምራል፣ ግን ታይሮይድና ልብ ስለሚጎዳ ቀርቷል። ዳፍኒያዎቼ ላይ ልሞክረው አሰብኩና ተውኩት። መርዝ ነው፣ ቢታመሙ ከምን እንደታመሙ አላውቅም፣ ተማሪ እጅ ላይም እንዲደርስ አልፈልግም።

አጎቴ ዳያሊስስ (የኩላሊት እጥበት) ላይ ናቸው። ኩላሊታቸው ኢፖ በበቂ ስለማያመነጭ ደማቸው ያንሳል፣ ለዚያ መርፌ ይወጋሉ። ያንን ኢንዛይም በልኩ የሚያግዱ እንክብሎች አሁን አሉ፣ የመጀመሪያው ሮክሳዱስታት በ2018 እ.ኤ.አ. ቻይና ውስጥ ተፈቅዷል። ሽንቁር የሚደፍን ኪኒን ማለት ነው። ባልዲውን ክፍል ውስጥ ሳሳይ የማስበው እሳቸውን ነው።

ኅዳር 9

"እኛስ ደብረ ብርሃን ተወልደን ለምን አልቀላንም?" አለ ያ አዝኖ የነበረው ልጅ።

ጥያቄው በቀልድ የሚታለፍ አይደለም። በ2002 እ.ኤ.አ. ሲንቲያ ቢል የተባለች አንትሮፖሎጂስትና ባልደረቦቿ ሰሜን ተራሮች ላይ አምባራስ በሚባል ቦታ፣ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን ለክተው ነበር። ሂሞግሎቢናቸው በአማካይ በዴሲሊትር ለወንዶች 15.9፣ ለሴቶች 15.0 ግራም ሆኖ ተገኘ፣ ባሕር ጠለል ላይ ከሚገኘው ልክ ያልወጣ። የደማቸው የኦክስጅን ሙሌት ደግሞ 95 በመቶ ነበር። በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ደገኞች ደም ግን በሂሞግሎቢን ከፍ ያለ ነው። ቲቤቶች ዝቅ አድርገው ይይዙታል፣ እነሱ ላይ ተለውጠው የተገኙት ጂኖች አንዱ የሂፍ ወንድም ነው፣ ሌላው ያ ሽንቁር ኢንዛይም ራሱ። በኛ ደገኞች ላይ የታዩት የጂን ልዩነቶች በአብዛኛው ከቲቤቶቹ ሌላ ናቸው። ባሌ ከፍታ ላይ የሚኖሩት ኦሮሞዎች ደግሞ ሂሞግሎቢናቸው ቆላ ካሉት ዘመዶቻቸው ከፍ ይላል፣ አጥኚዎቹ ይህን ከፍታው ላይ ከሰፈሩበት ጊዜ አጭርነት ጋር አያይዘውታል። አንድ አገር ውስጥ፣ ለአንድ ችግር ሁለት መልስ። ልጁ "ስለዚህ መቅላት ብቻ አይደለም መልሱ" አለ። እኔ ከዚህ በላይ ማለት አልቻልኩም።

ኅዳር 11፣ ቅዳሜ

የፈተናው ቀን፣ መቅላት ይጠቅማቸው እንደሆነ የምናይበት። ውሃ አፍልቼ ኦክስጅኑን አስወጣሁ፣ በተከደነ ድስት ሳላናውጥ አቀዘቀዝኩት፣ በጎማ ቱቦ ቀስ ብዬ ወደ ሁለት ጠርሙስ ቀዳሁት። 0.7 አለ። በአንዱ 10 ነጭ፣ በሌላው 10 ቀይ፣ ሁለቱም እስከ አፋቸው ሞልተው ተዘጉ።

3፡20 ላይ ጀመርን። 3፡50 ሁለቱም ይዋኛሉ። 4፡15 ከነጮቹ አራቱ ታች ናቸው፣ እግራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። 4፡40 ነጮቹ ስምንት ታች፣ ቀዮቹ አንድ። 5፡00 ነጮቹ ሁሉም ታች ሲሆኑ ከቀዮቹ ሰባቱ አሁንም ወደ ላይ እየዘለሉ ነው። እዚህ ላይ አቆምኩ። ሁሉንም ወደ ሳፋው ገለበጥኳቸው። ከነጮቹ ስድስቱ ከሰዓት በፊት ተነስተው ዋኙ።

ኅዳር 25፣ ቅዳሜ

ከጠርሙሶቹ የቀሩትን 14 ቀዮች ከሁለት ሳምንት በፊት ለብቻ ሌላ ሳፋ ላይ አድርጌያቸው ነበር። ቀለሙ እየሄደ ነው። ዛሬ ከነጮቹ ጋር ነጭ ሰሃን ላይ ሳስቀምጣቸው የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊያችን ከሦስቱ ሁለቱን ተሳሳቱ። ኦክስጅኑ ተመለሰ፣ ሽንቁሩ ተከፈተ፣ ሂፍ መፍረስ ጀመረ፣ አዲስ ሂሞግሎቢን መሥራት ቀነሰ፣ የቆየው ደግሞ ቀስ እያለ አለቀ።

አንዷ እናት ጀርባዋ ላይ እንቁላል ይዛለች። ዳፍኒያ ለእንቁላሏ ሂሞግሎቢን ታካፍላለች፣ ስለዚህ ልጆቿ ምን ቀለም ይዘው እንደሚፈለፈሉ ማየት እንፈልጋለን። ለብቻዋ ብርጭቆ ውስጥ አድርገናታል፣ 10 ጠብታ ሳይሆን አንድ ጠብታ በቀን። ብርጭቆው ላይ የጥያቄዋ ባለቤት ተማሪ ቀኑን ጽፋበታለች፣ ሰኞ ጠዋት መጀመሪያ የምታየው እሷ ናት።